የጠዋቷ ሙሽራ

የሙሽራው እኅት ደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆማ በስልክ ታወራ ነበር። የወንድሟን ሱፍ ልብስ እንዲተኮስ አድርሳ መሄዷ ነው። የሙሽራዋ እናት፣ ባለካውያዋ፣ የሳሙና ውሃ የሞላ ሳፋ ይዛ ልትደፋ ከበሩ ስትወጣ ድምጿን ሰማችና እግሯን ሰበሰበች። «የምን ሠርግ አመጣሽብኝ!» ትላለች እኅትየዋ። «በሰው ትራፊ ነው ወንድሜ የሚዳረው። እውነቴን ነው። ጠዋት ሌሎች ይደግሱበታል፣ እነሱ ሲወጡ የኛዎቹ ይገቡበታል። አበባው የሰው፣ የወንበሩ ልብስ የሰው፣ ምንጣፉ የሰው። ሙሽራዋንም እንዳይቀያይሩብን ነው የምፈራው።» ሳቀች። ከስልኩ ወዲያም ሳቅ ተሰማ። ባለካውያዋ ሳፋውን እንደያዘች ቆመች። ውሃው አልፈሰሰም። የተረከዙ ድምፅ ወርዶ ወርዶ ከታች በር ላይ ሲጠፋ ውሃዋን ደፍታ ገባች።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። መሐሉ ላይ መጋረጃ አለ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ልጅ ትተኛለች፣ ወዲህ እናት። የመተኮሻው ጠረጴዛ መስኮቱ ሥር ነው። የሚበላውም እዚያው ላይ ስለሆነ ዳቦው አንዳንድ ቀን የትኩስ ጨርቅ ሽታ ይይዛል። ልጅቱ መድኃኒት ቤት ሻጭ ናት። ነጩን ካፖርቷን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ቆማ ትበላለች።

«ምን ትላለች?»

«ማን?»

«እኅትየዋ ነቻ። ሽቶዋ ከደረጃው ገና አልወረደም።»

«ምንም አላለች።»

«ትራፊ አላለችም? ለኔ ፊት ለፊት ነው የነገረችኝ፣ እየሳቀች። ተያት እማዬ። እኔ የማገባው ሰውየውን ነው፣ አበባውን አይደለም።» የዳቦውን ፍርፋሪ ከእጇ አራገፈች። «አንቺ ብቻ ዛሬ የጠዋቱን ሠርገኞች አሳምኚልኝ። የአዳራሹ ሰውዬ እስኪዘጋ ድረስ ነው ጊዜ ያለን።»

ሠርጉ ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። መጀመሪያ አባት ሲሞት፤ ቀጥሎ የቤት ኪራይ ሲጨመርና የእጮኛዋ መኪና ተበላሽቶ ለወራት ሲቆም። እጮኛዋ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ሲኖረው ይሰጣል፣ ሳይኖረው ዝም ይላል። ልጅቱ አንድ ቀን ፀጉሯን እያበጠረች፣ «ሦስተኛ ጊዜ የሚያራዝም ሰው አላገባም ማለቱ ነው» አለች። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። እናትየዋን ያስፈራት ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉን ነገር መቀነስ ጀመሩ። የሙሽራ መኪና ቀረ። ሙዚቀኛ ቀረ። ጥሪው በስልክ ሆነ፣ ቬሎው ከጎረቤት ልጅ ተለመነ። አዳራሽ ግን አልቀንስ አለ። ባለካውያዋ ዋጋ የምታስበው በሸሚዝ ነው። አዳራሽ ለአንድ ቀን ሲከራዩት የስንት ሸሚዝ ሂሳብ እንደሆነ አስባ ስትጨርስ ክንዷን አመማት። ትናንት አንድ የአዳራሽ ኃላፊ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በግማሽ ዋጋ ሊሰጣቸው እንደሚችል ተናገረ፤ ያውም የጠዋቱ ሠርገኞች ከፈቀዱ ከነጌጡ። ልጅቱ ትናንት ማታ ስትበላ ታዜም ነበር። እናትየዋ ልጇ ስታዜም ከሰማች ቆይታለች።

የምትሠራበት የልብስ እጥበት ቤት ባለቤት ራሰ በራ ነው። ባንኮኒው ኋላ ቁጭ ብሎ ቁልፍ የወደቀባቸውን ልብሶች ይለያል። ፈቃድ ስትጠይቀው ቀና ሳይል፣ «ተኳሽ ፈቃድ ከጠየቀ ጦርነቱ አልቋል ማለት ነው» አላት። ዘወትር የሚቀልዳት ቀልድ ነው። «ጦርነቱማ ገና አሁን መጀመሩ ነው» አለችው። «ሂጂ በይ። ሸሚዞቹ ግን ይጠብቁሻል። እኔ አልነካቸውም፤ የነካሁባት ቀን ኩርፊያሽን አልችለውም።» ቦርሳዋ ውስጥ የመተኮሻ ጨርቋን አገኘች። ማውጣቱን ረስታዋለች። ተመልሳ ላስቀምጠው ስትል አውቶቡሱ መጣና ይዛው ሄደች።

አዳራሹ ራቁቱን ነበር። ወንበሮቹ ተገልብጠው እርስ በርሳቸው ተደራርበዋል፣ እግራቸው የዛገ ብረት ነው። ግድግዳው ላይ የተነቀለ ቴፕ የቀረበት ብዙ ቦታ አለ። አንዲት ጠራጊ ውሃ እየረጨች አቧራውን ወደ በሩ ትገፋለች። ኃላፊው ጥግ ላይ ባለች የመስተዋት ክፍል ውስጥ ሻይ ይጠጣል። ሰው አክባሪ ነው፤ ተነስቶ ወንበር ሰጣት። «እናቴ፣ ይኼን ሲያዩት እስር ቤት ይመስላል፤ አውቃለሁ» አለ። «አበባ ሲገባበት ግን ሌላ ነው። ሰዎቹ ያዘዙት አበባ ደግሞ! ከበሩ እስከ ሙሽሮቹ መቀመጫ ድረስ ነው። እነሱ ከምሳ በኋላ ይወጣሉ። ጌጡን ያከራየው ሰው ወዲያው ነቅሎ ልሂድ ይላል። እስከ ማታ ይቆይ ማለት የሚችሉት የከፈሉት ናቸው። እነሱ በአፋቸው ይንገሩኝ፣ እኔ ጣልቃ አልገባም።»

«እሺ ባይሉስ?»

«እሺ ካላሉማ ነገ ጠዋት ቀብድ ይዞ የሚመጣ ሌላ ሰው አለ። እናቴ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ በግማሽ ዋጋ የምሰጣችሁ ቀኑ ስለተቆረሰብኝ ነው። ያልተቆረሰ ቀን አልቆርስም።» የሰዎቹን ቤት ነገራት። ዋናው መንገድ ላይ ነው፤ የወለል ሰድርና የመታጠቢያ ገንዳ የሚሸጥበት ትልቅ መደብር፣ እነሱ የሚኖሩት ከላዩ ነው።

ሁለት አውቶቡስ ቀየረች። በሁለተኛው ላይ መቀመጫ ብታገኝም አልተቀመጠችም፤ ብረቱን ይዛ የምትለውን ታሰላስላለች። «እትዬ፣ ሠርጋችሁ ካለፈ በኋላ አበባው ምን ይሠራላችኋል?» ብላ ብትጀምር ልመና ይመስላል። «ሠርገኛ ለሠርገኛ ይተባበራል» ብትል ድፍረት ይመስላል። የምትለውን ሳትቆርጥ መውረጃዋ ደረሰ። ከመደብሩ ፊት ለፊት አስፋልቱ ዳር ድረስ ነጫጭ ገንዳዎች ተሰልፈዋል፤ አንዱ ውስጥ ድመት ተኝታለች። ሻጩ ጎረምሳ ምን እንደምትፈልግ ሳይጠይቅ የጓሮውን ደረጃ አመለከታት። ሰሞኑን ወደ ላይ የሚወጣው ሰው ብዙ ነበር።

የመደብሩ እመቤት ሳሎኗ መሐል ቆማ በሁለት ስልክ ታወራለች፤ አንዱን ጆሮዋ ላይ ይዛ ሌላውን ደረቷ ላይ ደፍታ። ወፍራም፣ ፈጣን፣ ላብ ያጠመቃት ሴት ናት። ሶፋው ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ መስኮቱ ላይ ካርቶን ነው። የምታልፍበት ቦታ ስለሌለ ባለካውያዋ በሩ ላይ ቆመች። ስልኮቹ ሲያርፉ የመጣችበትን ነገር ተናገረች። እንዳሰበችው አልሆነላትም፤ ቃሉ ተቻኩሎ ወጣ፣ ልመናም ድፍረትም ሆነ። ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ሳቀች።

«አበባዬን? አንቺ ሴትዮ፣ ጣፋጩን ከኔ፣ ኬኩን ከኔ፣ ሁሉም ሰው ሰሞኑን ከኔ የሚፈልገው አለው። አበባ የጠየቀኝ ግን የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ።» አንዱን ካርቶን በእግሯ ገፋ አደረገች። «እኔ በነጻ የሰጠሁት ነገር የለም፤ ልጄንም ጨምሮ።» ቀልዷን ራሷ ወደደችው። «ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ልብስ እተኩሳለሁ።»

ሴትዮዋ ስልኮቿን ሁለቱንም አስቀመጠች። «ምን አልሽ?» የልጇ ቬሎ ከሩቅ አገር ካለች እኅቷ ተልኮ ሻንጣ ውስጥ ታጥፎ ነው የመጣው። እንደ አሮጌ ጋዜጣ ተጨማዷል። ሦስት እጥበት ቤት ዞራ ሁሉም እናቃጥላለን ብለው ፈርተዋል። ነገ ደግሞ ፎቶ አለ፤ ሙሽራው ከነቤተሰቡ ይመጣል። «በይ ስሚኝ» አለች፣ አሁን እንደ ነጋዴ ዝግ ብላ። «ቀሚሱን ቀጥ አድርጊልኝ። አበባው፣ የወንበሩ ልብስ፣ ምንጣፉ፣ ሁሉም እስከ ማታ ድረስ ያንቺ ነው። ለአዳራሹ ሰውዬ እኔው ራሴ እደውልለታለሁ።»

ቬሎው ሙሽራዋ ክፍል ውስጥ ቁም ሳጥኑ ላይ ተሰቅሏል። ሙሽራዋ አልጋው ጫፍ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች፤ ስልኳ አጠገቧ በግንባሩ ተደፍቷል። ቀጭን ልጅ ናት፣ በእናቷ መደብር ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነች። ሰላምታ ሰጥታ ቦታ ለቀቀች። ባለካውያዋ የቤቱን ካውያ ተቀብላ ወዲያው ሥራ ጀመረች። እንዲህ ያለ ቀሚስ በእጇ ከገባ ዘመን አልፎታል። ሳቲኑን ገልብጣ ከውስጥ በኩል፣ ጨርቋን አርጥባ ከላዩ አድርጋ፣ ካውያውን ሳትጎትት አነሳ ጣል፣ አነሳ ጣል። ቱሉን፣ መረብ የመሰለውን ስስ ጨርቅ፣ ደግሞ አትነካውም፤ ካውያውን አየር ላይ ይዛ እንፋሎቱ ብቻ እንዲደርሰው ታደርጋለች፣ በሌላው እጇ ጨርቁን እንደ ሕፃን ፀጉር ታወርደዋለች። ዶቃው ያለበት ጋ ሲደርስ ፎጣ አጥፋ ከሥር ትደግፋለች። የተጨማደደው አንድ በአንድ እየተፈታ ወረደ። ደስ አላት፤ የመጣችበትን ለጊዜው ረሳችው። ሙሽራዋ ከአልጋው ላይ ሆና እጇን ታያለች። ስልኳ አንድ ጊዜ ነዘረ፤ አላነሳችውም። ሁለተኛ ነዘረ፤ ትራሱን አነሳችና ጫነችበት።

«አሁን ልበሽው» አለች ባለካውያዋ። «ጠርዙ የሚታየው ተቆሞ ነው።»

«ሳልለብሰው አይሆንም?»

«ወገብሽ ላይ ሲያርፍ ነው ርዝመቱ የሚታወቀው። ነይ ልጄ፣ ትንሽ ነው።»

ልጅቷ ለበሰችው። ዚፑን ባለካውያዋ ዘጋችላት፤ የጀርባዋ አጥንት ይቆጠራል። በርጩማ ላይ አወጣቻትና ራሷ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ጠርዙን እየዞረች ማቃናት ጀመረች። ከሳሎን የእናትየዋ ድምፅ ይሰማል፤ ስለ ወንበር ብዛት ከአንድ ሰው ጋር ትከራከራለች። ልጅቷ ከላይ ሆና፣ ግድግዳውን እያየች ይመስላል፣ ማንንም እንደማታናግር ሰው መናገር ጀመረች።

«መጥፎ ሰው አይደለም። ሁሉም የሚሉኝ ያንን ነው፤ እኔም መጥፎ ነው አላልኩም። አይቆጣም፣ አይጠጣም። የእናቴ ሸሪክ ልጅ ነው፣ ከልጅነታችን እንተዋወቃለን። ባለፈው ወር ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዶ ነበር። ያኔ እንቅልፍ ወሰደኝ። ከቀለበቱ ወዲህ ተኝቼ አላውቅም ነበር፣ እሱ ሲሄድ ግን እስከ ረፋድ ተኛሁ። እናቴ አሞሽ ነው ወይ ብላ ግንባሬን ዳሰሰች። ከዚያ ተመለሰ።» አሁን ወደ ታች አየቻት። «ይኼ ምንድን ነው እማማ? እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። ምንድን ነው?»

ባለካውያዋ ጠርዙን እንደያዘች ቀረች። ካውያው በሌላው እጇ ነው፤ እንዳያቃጥል ከጨርቁ አራቀችው። ይህቺ ልጅ አንድ ቃል ከተናገረች ጠዋቱ የለም። ጠዋቱ ከሌለ ቀኑ አልተቆረሰም፣ አበባውም አልመጣም፣ ወንበሮቹም ዝገታቸውን ይዘው ይቆማሉ። ይህን ሁሉ ለማሰብ ካውያውን ወለሉ ላይ እስክታቆም ድረስ ያለው ጊዜ በቃት። አንገቷን ሳታቀና፣ «ሁሉም ሙሽራ ይፈራል» አለች።

«እርስዎም ፈርተው ነበር?»

«እንዴታ።»

«ሴት ልጅ አለዎት?»

«አለችኝ። እሷም የሚቀጥለው ሳምንት ነው የምታገባው።»

«እሷም ትፈራለች?»

«ትፈራለች።»

«እንዲያ ከሆነ እሺ» አለች ልጅቷ፤ መራራ መድኃኒት እንደተሰጠው ሕፃን፣ ዋጥ አድርጋ። እናትየዋ በሩን ከፍታ ገባችና ሁለት እጇን አጨበጨበች። ዞር በይ፣ ተመለሽ፣ እስቲ ተራመጂ አለች። ቀሚሱ እንደ ውሃ ይወርዳል። የእናትየዋ ዓይን እንባ አቀረረ፤ የምታስመስል ሴት አልነበረችም። እዚያው ቆማ ለአዳራሹ ኃላፊ ደወለችለት፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ ሁሉም እንዲሰማ። «አበባው እስከ ማታ እንዳይነካ። አዎ፣ ለባለካውያዋ ነው። አዎ፣ ሁሉንም።» ኃላፊው እሺ አለ። ባለካውያዋ ለመሄድ ስትነሳ ሴትዮዋ ትከሻዋን ያዝ አድርጋ፣ «ልጅሽን እንኳን ደስ ያላት በይልኝ። በእጅሽ ወርቅ አለ» አለቻት።

ባለካውያዋ ከገንዳዎቹ አጠገብ ቆማ ለልጇ ደወለች። «ተስማሙ።» ልጅቱ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ጮኸች፤ ወዲያው፣ «ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ ጥሩ ዜና ሰምቼ ነው» ስትል ተሰማ፣ ለደንበኛ መሆኑ ነው። ከዚያ በቀስታ፣ «እማዬ፣ ሙች በይኝ» አለች። «ሙች» አለች እናት። «አሁኑኑ ልደውልለት። መንገድ ላይ ነው፣ ማምሻውን እዚህ ይደርሳል። ከደረሰ በኋላ አብረን እናየዋለን አዳራሹን!» ስልኩ ተዘጋ።

አውቶቡስ መጣና ወጣች። መቀመጫ ነበር፣ ተቀመጠች። ከዚያ ተነሳች። አንድ ሽማግሌ ቦታውን የለቀቀችለት መስሎት አመስግኗት ተቀመጠ። የመስኮቱን ብረት ይዛ ሱቆቹ ሲያልፉ ታያለች። ልጇ፣ ሹፌሩ መንገድ ላይ በሆነ ቁጥር፣ ከመጋረጃው ወዲያ ትገላበጣለች። አልጋው ይንቋቋል። ስልኳ ደረስኩ ብሎ እስኪነዝር ድረስ እንቅልፍ የለም፤ ሲነዝር ግን ሁለት ቃል ሳትናገር ትተኛለች፣ ያን ጊዜ እናትም ትተኛለች። ስንት ዓመት እንዲህ ነው የተኙት። ይኼና የዚያች ልጅ ነገር አንድ አይደለም። አንድ አለመሆኑን ተንበርክካ ሳለችም ታውቀው ነበር፤ አሁን በአውቶቡስ ውስጥ ያወቀችው አይደለም። እኔ ምን አገባኝ አለች በልቧ። ሰዎቹ ሀብታሞች ናቸው፤ ሀብታም ተሳስቶ አይወድቅም። ልጅቷ ትለምደዋለች፣ ጥሩ ሰው ነው አለች እኮ ራሷ። ደግሞስ እንዲህ ያለ ነገር መንገደኛ የሚጠየቀው ምን ነክቷቸው ነው? እናቷ የለችም? አክስት የላትም? ቀጥሎ ያለው ፌርማታ ላይ፣ ሳታስበው፣ ወረደች።

ፌርማታው ላይ የብረት አግዳሚ አለ። ተቀመጠች። ወደ ቤቷ የሚሄደው አውቶቡስ መጣ፤ አላየችም። ሌላው መጣ። ከጎኗ የነበረች ካልሲ ሻጭ፣ «እናቴ፣ ይኼም አልፎሻል» አለቻት። «ገና ነኝ።» «ካልሲ ልስጥሽ ታዲያ፣ እስኪመጣ?» ሁለቱም ሳቁ። ካልሲ ሻጯ ሄደች። ባለካውያዋ መዳፏን አየችው፤ ከእንፋሎቱ የተነሳ አሁንም እርጥብና ነጭ ነው። ተነስታ መንገዱን ተሻገረች። ከወዲያኛው በኩል አውቶቡስ አልጠበቀችም፣ በእግሯ ተመለሰች። እየፈጠነች ሄደች፤ ቀስ ካለች የምትመለስ መሰላት።

ሻጩ ጎረምሳ፣ «ምን ረሱ እማማ?» አላት። «ሥራ አልጨረስኩም» አለችና ወጣች። ሳሎን ውስጥ ሙሽራዋ ቬሎውን አላወለቀችም። እናቷ መስኮቱ አጠገብ አቁማት በስልኳ ፎቶ ታነሳታለች። «ፈገግ በይ እንጂ! ልቅሶ ነው እንዴ!» እያለች። ባለካውያዋን ስታያት ስልኳን አወረደች። «ምነው? የተጨማደደ ቀረ?»

ባለካውያዋ ለእናትየዋ አልመለሰችም። ካርቶኖቹን ተሻግራ ልጅቷ ፊት ቆመች። በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ነበር፤ እንደ ጠዋቱ ሁሉ ጠፋባት።

«ቅድም የነገርኩሽ ውሸት ነው። እኔ ሳገባ አልፈራሁም። ልጄም አትፈራም። እሷ እንቅልፍ የምታጣው እሱ ሲሄድ ነው፣ ሲመለስ አይደለም። ላበባው ብዬ ነው የዋሸሁሽ።» ትንፋሽ አጠራት፤ ከደረጃው ነው። «ልጄ፣ ይኼን ሰው ትፈልጊዋለሽ?»

«አበድሽ እንዴ አንቺ ሴትዮ!» አለች የመደብሩ እመቤት። «ምኑን ነው የምትጠይቂያት? ማን ነሽ አንቺ? ውጪልኝ!» ክንዷን ያዘቻት። እጇ ጠንካራ ነው፣ ሰድር ያነሳ እጅ ነው። ባለካውያዋ አልታገለችም፣ ግን አልተንቀሳቀሰችም፤ ልጅቷን ታያለች። ልጅቷ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከታች መኪና ጥሩምባ ይነፋል፣ አንድ ሰው ገንዳ ስትጭኑ ቀስ በሉ እያለ ይጮኻል። ከዚያ ድምጿ መጣ፣ ዝቅ ብሎ፣ ለመስኮቱ የተነገረ ያህል።

«አልፈልገውም።»

እናትየዋ የያዘችውን ክንድ ለቀቀች። ልጅቷ ዞረች። ቀሚሱ አብሯት ዞረ፤ ሲዞር እንኳ የተጨማደደ ቦታ አልነበረውም። «እማዬ፣ አልፈልገውም» አለች፣ አሁን በደንብ። አፏን በእጇ ያዘች፤ ከገዛ አፏ የወጣ መሆኑን የምታረጋግጥ ይመስል። እናትየዋ አልጮኸችም። ካርቶን ላይ ተቀመጠች፣ ካርቶኑ ከሥሯ ጎበጠ። ዓይኗ የልጇ እግር ላይ አረፈ። ከዚያ ባለካውያዋን ቀና ብላ አየቻት። ዓይኗ ላይ ቁጣው ገና አልደረሰም፣ እየመጣ ነው። «አንቺስ» አለቻት፣ «ልጅሽን ምን ልትያት ነው?» ነጋዴ ናት፤ በዚያ ሰዓት እንኳ ሌላው ሰው የሚከስረውን አሰበች። ባለካውያዋ ካርቶኖቹን ተሻግራ ወጣች። ወርዳ ሄደች።

እስከ ቤቷ በእግሯ ነው የሄደችው። ረጅም መንገድ ነው። የልብስ እጥበት ቤቱ በር ተዘግቶ አገኘችው፤ ሸሚዞቹ በመስተዋቱ ውስጥ ተሰቅለው ይታያሉ። አንድ ቦታ ላይ ስልኳ ጮኸ፣ የልጇ ነው፣ አላነሳችም። እንደገና ጮኸ። ወደ ሰፈሯ ስትገባ ሰው ሁሉ ከሥራ እየተመለሰ ነበር፤ ሰላም የሚሏትን ትመልሳለች፣ ማን እንደሆኑ አታይም። ዳቦ ቤቱ ጋ ቆመች፣ ምንም ሳትገዛ አለፈች። ደረጃውን ስትወጣ በየወለሉ አረፈች። ዱሮ አታርፍም ነበር። ለልጇ የምትለውን ትፈልጋለች። ኃላፊው ሐሳቡን ለወጠ ማለት ይቻላል። ሰዎቹ ተጣልተው ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ አንድ ጊዜ መዋሸቷ ስንት መንገድ እንዳስኬዳት አሰበችና ተወችው።

በሩ ክፍት ነበር። ልጅቱ ከሥራ መጥታለች፤ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማለች፣ ካፖርቷን አላወለቀችም። መጋረጃው ወደ ጥግ ተሰብስቧል። ፊቷ አመድ መስሏል። ስልኩን በእጇ እንደ ድንጋይ ይዛዋለች።

«የት ነበርሽ? ስንት ጊዜ ደወልኩ።»

«በእግሬ መጣሁ።»

«ሰውየው ደወለልኝ። የአዳራሹ ሰውዬ። የጠዋቱ ሠርግ ቀርቷል አለ። ሙሉ ቀኑን በሙሉ ዋጋ ካልወሰዳችሁ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ አለ።» በአንድ ትንፋሽ ነው የምትናገረው። «እሱ ደግሞ መንገድ ላይ ነው፣ እየመጣ ነው። ነግሬዋለሁ። ለሁሉም ሰው ነግሬአለሁ እማዬ፣ ለእኅቱም ሳይቀር። ምን ሆነው ነው? አንቺ እዚያ አልነበርሽም? ቅድም ተስማሙ አላልሽኝም?»

«ተስማምተው ነበር።»

«ታዲያ?»

«ሙሽራዋ ሰውየውን አልፈልገውም አለች።»

ልጅቱ ሳቀች፤ የሳቅ ያልሆነ ሳቅ። «ዛሬ? እስከ ዛሬ የት ነበረች? አዳራሽ ተይዞ፣ አበባ ታዝዞ፣ ዛሬ ነው የማትፈልገው?» ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «ደግሞስ ዛሬ ማን ጠየቃት?»

እናትየዋ የበሩ ደፍ ላይ ቆማ ነበር። ጫማዋን አላወለቀችም።

«እኔ» አለች።